የማርክ ትዌይን ቤት ክፍሎች እንዴት ወደ ቀድሞው ተመለሱ

አሜሪካ፣ ኮኔቲከት ግዛት፣ ሃርትፎርድ ከተማ፣ ፋርሚንግተን ጎዳና ላይ አንድ ትልቅ የጡብ ቤት አለ። ያሠሩት ባልና ሚስት ሳሙኤልና ኦሊቪያ ክሌመንስ ናቸው። ባልየውን ዓለም የሚያውቀው በብዕር ስሙ፣ ማርክ ትዌይን በሚለው ነው። ከ1874 እስከ 1891 ከሦስት ሴት ልጆቻቸው ጋር ኖሩበት። (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ከእነሱ በኋላ ቤቱ ያልሆነው ነገር የለም። የሀብታም መኖሪያ ሆነ። የወንዶች ትምህርት ቤት ሆነ። ተከፋፍሎ የሚከራይ አፓርታማ ሆነ። የታችኛው ፎቅ የሰፈር ቤተ መጻሕፍት ሆነ። ዛሬ በዋናው በር ለሚገባ ሰው ግን የሚታየው የ1880ዎቹ ሳሎን ነው።

ይህ እንዴት እንደተቻለ ነው የምጽፈው። አሮጌ ቤት ማደስ ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ የሚመጣልን ቀለም መምረጥ፣ መጋረጃ መስቀል፣ ከአንቲካ ሱቅ ወንበር መግዛት ነው። እዚህ ቤት ላይ የሠሩት ሰዎች መጀመሪያ የመረጡት ዓመት ነው። ቀለሙም ወንበሩም ከዚያ በኋላ መጣ። እኔ በበኩሌ ሥራው የተሳካው በዚህ ቅደም ተከተል ነው ባይ ነኝ።

አንድ ነገር ላጥራ። የቪክቶሪያ ዘመን የሚባለው ንግሥት ቪክቶሪያ እንግሊዝን የገዛችበት፣ ከ1837 እስከ 1901 ያለው ጊዜ ነው። አዎ፣ አፄ ቴዎድሮስ ደብዳቤ የጻፉላት ንግሥት። አሜሪካኖች ንግሥት ባይኖራቸውም የዚያን ዘመን ቤቶቻቸውን በእሷ ስም ይጠራሉ። ዋሽንግተን ዲሲ ዘጠነኛው ጎዳና ላይ ክትፎ የበላ ሰው ልብ ሳይለው የዚያ ዘመን ግንብ ውስጥ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል።

ቤቱ ሲሠራ

የቤቱ አርክቴክት ኤድዋርድ ተከርማን ፖተር ነበር። ይበልጥ የሚታወቀው ቤተ ክርስቲያን በመንደፍ ነው። ሰውዬው ጡብ ዝም ብሎ መደርደር አይሆንለትም። አንዳንዱን ረድፍ ወደ ውጭ አስወጥቶ፣ አንዳንዱን በማዕዘን አዙሮ፣ ላዩን ደግሞ ቀይና ጥቁር አስቀባው። ቤቱ 25 ክፍል አለው፤ ስፋቱ ከ1,000 ካሬ ሜትር በላይ ነው። ገንዘቡ በአብዛኛው የመጣው ከኦሊቪያ ውርስ ነው። አባቷ በድንጋይ ከሰል ንግድ የከበሩ ሰው ነበሩ።

ማድቤቱ በመንገዱ በኩል ነው የተሠራው። ጉድ ያለ ብዙ ነበር። የጨዋ ቤት ማድቤቱን ከኋላ ነው የሚደብቀው። ትዌይን ሲጠየቅ፣ የቤት ሠራተኞቹ ሰርከስ ሲያልፍ ግቢ ድረስ ሳይሮጡ እንዲያዩ ብዬ ነው እያለ ይቀልድ ነበር።

መመገቢያ ክፍሉ ውስጥ ያለው እሳት ማንደጃ ግን ቀልድ አይደለም። ከማንደጃው በላይ፣ ጭስ መውጫው መሆን በሚገባው ቦታ፣ መስኮት አለ። ጭሱ ለሁለት ተከፍሎ በመስኮቱ ግራና ቀኝ፣ በግድግዳው ውስጥ ሽቅብ ይወጣል። ትዌይን የፈለገው ማዕድ ላይ ተቀምጦ ከታች እሳቱ ሲነድ፣ ከላይ በረዶው ሲወርድ በአንድ ዓይን ለማየት ነው። እንዲህ ያለ ጭስ መውጫ ለመሥራት ግንበኛው ጠንቃቃ መሆን አለበት። ሁለቱ መንገዶች እኩል ካልሳቡ ጭሱ ተመልሶ ሳሎን ይገባል።

ቤተሰቡ የገባው በመስከረም 1874 ነው። ሠራተኞቹ ገና አልወጡም ነበር። ቤት ያሠራ ሰው ይህን ያውቀዋል። አናጺው፣ ቀለም ቀቢው፣ ቧንቧ ሠራተኛው አብረውህ ይከርማሉ።

የ1881 ጌጥ

መጀመሪያ ላይ ግድግዳዎቹ ይህን ያህል አላጌጡም። ግንባታው ገንዘቡን ጨርሶት ነበር። ገንዘብ ሲገኝ፣ በ1881፣ ማድቤቱን አሰፉ፤ የመግቢያውን አዳራሽ አስፋፉ። ጌጡን ደግሞ አሶሺዬትድ አርቲስትስ ለሚባል የኒውዮርክ ድርጅት ሰጡ። ዋጋው 5,000 ዶላር ነበር።

ድርጅቱን የሚመራው ሉዊስ ኮምፈርት ቲፋኒ ነው። ያኔ ገና የ33 ዓመት ሰው ነበር። በባለቀለም መስታወት መብራቶቹ ዝናው የናኘው በኋላ ነው። አብረውት ሦስት ሰዎች ነበሩ። ካንዴስ ዊለር ጨርቃ ጨርቁን ትመራለች። ሎክዉድ ደ ፎረስት የእንጨት ቅርጽና የህንድ ጌጥ ይወዳል። ሳሙኤል ኮልማን ሠዓሊ ነው፤ ቀለም ያስማማል። ቡድኑ ብዙ አልቆየም። በ1879 ተመሥርቶ በ1883 ተበተነ።

ምን ሠሩ? ከመግቢያው አዳራሽ እንጀምር። ግድግዳውንና ኮርኒሱን ቀይ ቀቡት፤ በቀዩ ላይ ጥቁር ሰማያዊ ንድፍ አተሙበት። ከሥሩ ያለውን የእንጨት ልባስ በስቴንስል የብር ቀለም አለበሱት። ስቴንስል ማለት ቅርጹ ተቆርጦ የወጣለት ስስ ገጽ ነው። ግድግዳው ላይ ይለጠፍና በቀዳዳዎቹ ብቻ ቀለም ይመታል። ርካሽ ዘዴ ነው። ውጤቱ ግን የዛጎል ውስጠኛ ገጽ እየተቆረጠ እንጨቱ ውስጥ የተሰካ ያስመስላል። በተለይ በጋዝ መብራት። ወደዚህ እመለሳለሁ።

እንግዳ መቀበያው ሳሎን ፈዘዝ ያለ ሮዝ ሆነ፤ በላዩ የህንድ ንድፍ በብር ታተመ። መመገቢያ ክፍሉ የተለጠፈበት የግድግዳ ወረቀት ቀይና ወርቃማ ነው፤ አበቦች ከገጹ አበጥ ብለው ወጥተዋል። ሩቅ ቆሞ ላየው ሰው የተቀረጸ ቆዳ ነው። ቤተሰቡ ማታ ማታ የሚሰበሰብበት የመጻሕፍት ክፍል ደግሞ እንደ ፒኮክ ላባ ያለ ሰማያዊ ተቀባ።

ይህ ሥራ ዛሬ ውድ የሆነበት ምክንያት አለ። ቲፋኒና ባልደረቦቹ በ1882 እና በ1883 መካከል ዋይት ሀውስንም አስጊጠው ነበር። በፕሬዚዳንት ቼስተር አርተር ጊዜ ነው። አዳራሹ ውስጥ ያቆሙት ትልቅ የመስታወት መከለያ የከተማ ወሬ ነበር። በ1902 ቴዎዶር ሩዝቬልት ቤተ መንግሥቱን ሲያሳድስ መከለያው ተነቅሎ ወጣ። የቀረውም ጌጥ አብሮ ጠፋ። የዚያ ቡድን እጅ ዛሬ በደህና የሚታይባቸው ቦታዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። አንዱ ኒውዮርክ ያለው የሰባተኛው ሬጅመንት ጦር ቤት ነው። ሌላው ይህ የሃርትፎርድ ቤት ነው።

ሃምሳ ዓመት በሰው እጅ

ትዌይን ገንዘብ ማግኘት እንጂ መያዝ አይችልበትም። ፔጅ የሚባለውን የማተሚያ ቤት የፊደል መልቀሚያ ማሽን ከፈጠረው ሰው ጋር ገጥሞ ሀብቱን በማሽኑ ላይ አፈሰሰ። ማሽኑ ቶሎ ቶሎ ይበላሻል። ገንዘቡ ሲያልቅ በ1891 ቤተሰቡ ቤቱን ዘግቶ ወደ አውሮፓ ሄደ። እዚያ ኑሮ ርካሽ ነበር። ቤቱ ዕቃው እንዳለ ቀረ።

በ1896 ትዌይን ዕዳውን ለመክፈል ዓለምን እየዞረ ንግግር ሲያደርግ፣ ትልቋ ልጅ ሱዚ አሜሪካ ቀርታ ነበር። ነሐሴ ላይ በማጅራት ገትር ታመመች። እዚያው ቤት ውስጥ፣ በ24 ዓመቷ ሞተች። አባቷ እንግሊዝ ነበር፤ እናቷና እህቷ ክላራ ደግሞ ወደ እሷ እየመጡ ባሕር ላይ። ከዚያ በኋላ ቤተሰቡ እዚያ ቤት ተመልሶ መኖር አልሆነለትም። ትዌይን ለወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ ቤቱን ልብና ነፍስ ያለው፣ የሚያያቸው ዓይን ያለው አድርጎ ነው የገለጸው። እንዲህ የሚያወራለትን ቤት በ1903 ሸጠው።

የገዛው ሪቻርድ ቢሴል የሚባል የኢንሹራንስ ሰው ነው። ቤተሰቡ እስከ 1917 ኖረበት። ከዚያ ኪንግስዉድ የተባለ የወንዶች ትምህርት ቤት ተከራየው። ቲፋኒ ባስጌጠው ሳሎን ጎረምሶች ሲራኮቱ አስቡት። በኋላም ቤቱን አፍርሶ አፓርታማ የመሥራት ሐሳብ መጣ።

ያዳነችው ካትሪን ሲሞር ዴይ ናት። የ«አጎቴ ቶም ጎጆ» ደራሲ የሃሪየት ቢቸር ስቶው የእህት የልጅ ልጅ ስትሆን፣ የስቶው ቤት ያለው ከትዌይን ግቢ ጎን ነው። እሷና ሌሎች የሃርትፎርድ ሰዎች ገንዘብ አሰባስበው በ1929 ገዙት። ልብ በሉ፣ ዘመኑ ያ ታላቁ የኢኮኖሚ ቀውስ የጀመረበት ነው። ለማደስ የሚሆን ሳንቲም አልነበረም። ስለዚህ የታችኛውን ፎቅ ለከተማው ቤተ መጻሕፍት ሰጡ፤ ከላይ ያሉትን ክፍሎች እንደ አፓርታማ አከራዩ። ቤቱ ራሱን እያከራየ እስከ 1956 ቆየ። ቤተ መጻሕፍቱ ሲወጣ ነው እድሳቱ በሙሉ ልብ የተጀመረው።

የትኛው ዓመት?

አሁን ዋናው ጥያቄ መጣ። ቤቱ ወደ መቼ ይመለስ?

ወደ 1874 ቢመለስ የአርክቴክቱ ቤት ይሆናል፤ የቲፋኒን ጌጥ ግን መፋቅ ነው። እንዳለ ቢተው የሁሉም ይሆናል፤ የማንም አይሆንም። ውሳኔው ከ1881 እስከ 1891 ያሉት ዓመታት ላይ አረፈ። ቤተሰቡ ሙሉ ሆኖ፣ ቤቱ አምሮ የኖረበት ጊዜ ነው።

ቀላል ይመስላል። ሆኖም እያንዳንዱ ክርክር የሚቋጨው በዚህ ነው። ሰው አሮጌ ዕቃ ሲለግስ፣ ጥያቄው ያምራል ወይ አይደለም። በ1881 እና በ1891 መካከል እዚህ ቤት ነበረ ወይ ነው። የ1900 ወንበር የቱንም ያህል ቢያምር ቦታ የለውም። የማስዋብ ፍላጎት ያለው ሰው ይህን ሕግ ይጠላዋል። ለዚህም ነው የሚያስፈልገው።

ውሳኔው ዋጋ አስከፍሏል። ሱዚ የሞተችበት 1896 ከተመረጠው ጊዜ ውጭ ነው፤ ክፍሎቹ ደስተኛውን ቤት ነው የሚያሳዩት። እኔን የሚቆጨኝ ግን ሌላ ነው። ከሃያ ዓመት በላይ የሃርትፎርድ ልጆች እዚህ ቤት መጽሐፍ ተውሰዋል። ቤቱን ከመፍረስ ያተረፈው ያ ቤተ መጻሕፍትና የተከራዮቹ ኪራይ ነው። የእነሱ ዘመን ከግድግዳው ላይ ተጠርጓል። አንዲት የካታሎግ መሳቢያ እንኳ አንድ ጥግ ብትቀር ምን ነበረበት? ሕጉን አውጥተህ ግን ለራስህ ማላላት አይቻልም። ይገባኛል።

ማስረጃ ፍለጋ

ዓመቱ ከተመረጠ በኋላ ማስረጃ ይፈለጋል። የቤተሰቡ ደብዳቤዎች አሉ። ሠራተኞቹ በኋላ የተናገሩት አለ። ፎቶ አለ፤ ፎቶው ግን ጥቁርና ነጭ ነው። ንድፉን ይነግራል፤ ቀለሙን አይነግርም። ቀዩም ሰማያዊውም ጠቁሮ ይወጣል።

ስለዚህ ወደ ግድግዳው ነው የሚሄደው። በኋላ የመጡ ሰዎች የቲፋኒን ስቴንስል በላዩ ላይ ቀብተውበት ነበር። ደግነቱ ብዙ ጊዜ ቀቢ ሰነፍ ነው። የድሮውን ሙልጭ አድርጎ ከመፋቅ በላዩ ላይ መቀባት ይቀለዋል። ያ ስንፍና ለአዳሹ ሲሳይ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በቀጭን ምላጭ ወይም በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት የሳንቲም ያህል ቦታ ቀስ ተብሎ ይፋቃል። መሃሉ ጠልቆ ዳሩ ሰፋ ሲል፣ ቀለሞቹ እንደተቆረጠ ሽንኩርት ቀለበት በቀለበት ይታያሉ። የውጭው የመጨረሻው ቀቢ ነው፤ መሃል ያለው የመጀመሪያው። በአንድ ቦታ አይታመንም። በር አጠገብ ያለው ቀለም ስለሚቆሽሽ ከሌላው በላይ ይቀባል። ጥግ፣ ከመብራት ጀርባ፣ ከካቢኔ ኋላ ያለው ቦታ ነው እውነቱን የሚያወጣው።

ወጥመድም አለ። የዘይት ቀለም ለዓመታት በጨለማ ሲታፈን ቢጫ ይሆናል። ከሥር የወጣው ቀለም ፊት ለፊት የሚነግርህ ሐቅ አይደለም። ብዙዎች የቪክቶሪያ ሰዎች ሁሉ ደብዛዛና ጨለማ ቀለም ነበር የሚወዱት ብለው የሚያምኑት በከፊል ከዚህ የተነሳ ነው። የተገለጠው ቦታ ብርሃን ሲያገኝ ለቀናትና ለሳምንታት ቀስ እያለ ይነጣል። ያን መጠበቅ ነው። ዛሬ ደግሞ ፍርፋሪው በማይክሮስኮፕ ይታያል።

ይህን አንብቦ ግድግዳውን ለመፋቅ ለሚነሳ ሰው አንድ ማሳሰቢያ። አሜሪካ ውስጥ እርሳስ ያለበት የቤት ቀለም የተከለከለው በ1978 ነው። ከዚያ በፊት በተሠራ ቤት የታችኛው ቀለም እርሳስ አለው ብሎ መነሳት ነው የሚሻለው። በደረቁ መፋቅና በማሽን ማሸት አቧራውን ቤቱ ውስጥ ይበትናል። ለሕፃናት ደግሞ መርዝ ነው። መጀመሪያ ማስመርመር።

ወረቀቱን በተመለከተ ነገሩ ይለያል። ቀለም ከሥሩ ይገኛል፤ ወረቀት ከተገነጠለ ሄደ። መመገቢያ ክፍሉ ውስጥ ዛሬ የሚታየው ኮፒ ነው። ወረቀት ላይ ያበጠ አበባ ለማውጣት ሮለር ያስፈልጋል፤ ሮለሩን የሚቀርጽ ሰው ያስፈልጋል፤ ከዚያ በላዩ ቀለሙን እንደገና የሚያስገባ። ኮፒ መሆኑ አያሳፍርም። የሚያሳፍረው ኮፒውን ኦሪጂናል ነው ብሎ ማሳየት ነው።

ጎተራ ውስጥ የተገኘው እንጨት

የመጻሕፍቱ ክፍል ልብ ከእሳት ማንደጃው በላይ ያለው የኦክ እንጨት ቅርጽ ነው። የመጣው ስኮትላንድ ካለው ኤይተን ካስል ነው። ቤቱ ገና ሳያልቅ ባልና ሚስቱ ወደ ብሪታንያ በሄዱ ጊዜ ነው የገዙት። ኮርኒስ ሊነካ ምንም አይቀረው። ፍራፍሬ፣ አበባና የባላባት ጋሻ ተቀርጾበታል። ከሥሩ በናስ ላይ፣ የቤት ጌጡ የሚመላለሱበት ወዳጆቹ ናቸው የሚል ጽሑፍ አስቀረጹ።

መደርደሪያው ላይ ጥቃቅን ጌጣጌጦች ተደርድረው ነበር። ልጆቹ ማታ አባታቸውን ተረት ያስነግሩታል። ደንብ አላቸው። ተረቱ ከአንዱ ጫፍ፣ አንገቷ ላይ ሹርባ የመሰለ ነጭ ኮሌታ ካደረገች ድመት ሥዕል ይጀምራል። ከዚያ እያንዳንዱን ዕቃ በተራው ማስገባት አለበት። መዝለል የለም፤ መልሶ መጠቀም የለም። መጨረሻው ኤመሊን የሚሏት ወጣት ሴት ሥዕል ነው። በየምሽቱ ተረቱ አዲስ ይሆናል፤ ዕቃዎቹ ግን ያው ናቸው። ትዌይን ይህን ራሱ ጽፎ ስላስቀረው፣ ለአዳሾቹ ከማንኛውም ፎቶ የበለጠ ጠቅሟቸዋል። የትኛው ዕቃ ከየትኛው ጫፍ እንደሚቀመጥ ደራሲው ነግሯቸዋል።

ችግሩ፣ እድሳቱ ሲጀመር ይህ የእንጨት ቅርጽ በቦታው አልነበረም። ቤቱ ሲሸጥ ትዌይን የእንጨቱን ቅርጽ አስነቅሎ ወሰደው። በኋላ ሬዲንግ በሚባለው ከተማ ባሠራው ስቶርምፊልድ በተባለ ቤቱ አቆመው። ትዌይን በ1910 ሞተ። ስቶርምፊልድ በ1923 ተቃጠለ። ሁሉም ሰው ቅርጹ አብሮ ነዷል ብሎ ተወው።

በ1958 እዚያው ሬዲንግ፣ አንድ ጎተራ ውስጥ ተገኘ። ከቃጠሎ ተርፎ ነበር። ወደ ሃርትፎርድ ተመልሶ በቀድሞ ቦታው ላይ ቆመ።

እኔ ከዚህ ታሪክ የማየው የዕድልን ነገር ብቻ አይደለም። በ1950ዎቹ ቸኩለው ቦታውን በሚመስል ኮፒ ሞልተውት ቢሆን፣ ገንዘቡም ይባክን ነበር፤ ኦሪጂናሉ ሲመጣም ማፍረስ ይጠይቅ ነበር። ክፍሉ ጎደሎ ሆኖ መቆየቱ ጠቅሟል። ይህ ጸባይ በቤት እድሳት ላይ ብርቅ ነው። ባዶ ግድግዳ ያሳክከናል።

የአልጋውም ታሪክ ተመሳሳይ ነው። ትዌይን ከቬኒስ በ1878 የገዛው፣ መላእክት የተቀረጹበት ትልቅ አልጋ ነበረው። ቅርጹ ያለው በራስጌው ነው። ገንዘቤን የከፈልኩት ለሱ ስለሆነ ልየው ብሎ ነው መሰለኝ፣ ትራሱን ወደ ግርጌ አዙሮ ይተኛ ነበር። ከልጆቹ በሕይወት ቆይታ እስከ 1962 የኖረችው ክላራ አልጋውን ለቤቱ ሰጠች። ዛሬ መኝታ ክፍሉ ውስጥ ትራሶቹ የተቀመጡት በግርጌ በኩል ነው። ትክክል አይመስልም፤ ትክክል ነው።

ላይኛው ፎቅና የጆርጅ ክፍል

ሦስተኛው ፎቅ ላይ የቢሊያርድ ክፍሉ አለ። ትዌይን የሚጽፈው እዚያ ነው። መጀመሪያ የታሰበለት የጥናት ክፍል ሁለተኛው ፎቅ ላይ ነበር፤ ልጆቹ ወሰዱት። ስለዚህ ከጠረጴዛው ጋር ወደ ላይ ተሰደደ። ወረቀቶቹን ቢሊያርድ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ያያቸዋል። ኮርኒሱ ላይ የተሳለው የቢሊያርድ ዱላ፣ ፒፓና ብርጭቆ ነው። የክፍሉን ጥቅም ኮርኒሱ ይናገራል።

እዚሁ ፎቅ ላይ የጆርጅ ግሪፈን ክፍልም ይታያል። ጆርጅ በባርነት ተወልዶ ነፃ የወጣ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። ለዓመታት የቤቱ አስተናጋጅና አዛዥ ነበር። የእንዲህ ያሉ ቤቶች እድሳት ለረጅም ጊዜ የሚያተኩረው በጌቶቹ ሳሎን ላይ ነበር። ማድቤትና የሠራተኛ ክፍል በመጨረሻ የሚመጣ ነገር ነው። እዚህም የጀመሩት ከሳሎኑ ነው።

መብራት

አሁን ወደ አዳራሹ ልመለስ። ብዙ ጎብኚ ሲገባ የሚለው አንድ ነገር ነው፦ ጨለመ። ያጨለሙት አውቀው ነው።

ቤቱ ሲሠራ የሚበራው በጋዝ ነበር። የጋዝ ነበልባል ይንቀሳቀሳል፤ ብርሃኑ ቢጫና ደካማ ነው። ቲፋኒና ባልደረቦቹ የብሩን ንድፍ ያሰሉት ለዚያ ነበልባል ነው። እሳቱ ሲወዛወዝ ብሩ ያበራል፣ ይጠፋል፣ ዛጎል ይመስላል። በዛሬው ነጭ ኤልኢዲ ብታዩት ግን ግድግዳ ላይ የተደፋ ግራጫ ቀለም ነው። ስለዚህ መብራቱ ከጌጡ አይለይም። ቀለሙን ትክክል አድርጎ አምፖሉን መሳሳት ልፋቱን ከንቱ ማድረግ ነው። ብርሃኑ መቀነሱ ሌላም ጥቅም አለው። መጋረጃና ምንጣፍ በብርሃን ይለቃሉ። የለቀቀ ጨርቅ ደግሞ አይመለስም።

በነገራችን ላይ ትዌይን አዲስ ነገር ይወድ ነበር። አዳራሹ ውስጥ ስልክ ያስገባው ቴክኖሎጂው ከመጣ ብዙም ሳይቆይ ነው። የሌባ ማንቂያ ደወልም አስገጥሟል። ስለ ሁለቱም እያማረረ ጽፏል።

ከ1974 በኋላ

ዋናው ሥራ ቤቱ መቶ ዓመት በሞላው በ1974 ተጠናቀቀ። በ1977 የአሜሪካ ብሔራዊ የቅርስ ጥበቃ ድርጅት ለምሳሌነቱ የዴቪድ ፊንሊ ሽልማትን ሰጠው። ማደሱ ብቻውን ሃያ ዓመት ያህል ወስዷል። ቤቱን ለመሥራት ከዚያ በጣም ያነሰ ጊዜ ነው የፈጀው።

ማደስ አንድ ነገር ነው፤ ማቆየት ሌላ። በ2003 ከቤቱ አጠገብ ሰፊ የጎብኚዎች ማዕከል ተከፈተ። ዘመናዊና የሚያምር ሕንፃ ነው። ዕዳው ግን ቤቱን ሊጥለው ደረሰ። በ2008 የነዳጅና የማሞቂያ ወጪ ሲንር፣ ሙዚየሙ የመዘጋት አደጋ ላይ መውደቁን በይፋ ተናገረ። ከየቦታው መዋጮ ተሰብስቦ ተረፈ። ትዌይንን ከዚያ ቤት ያስወጣው ትርፍ ያመጣል ብሎ ገንዘቡን ያፈሰሰበት ማሽን ነበር። ይህን ስሰማ ሳቄ መጣ፤ ሳቅ የሚያስገባ ግን አይደለም።

ክፍል የማደሱ ሥራ ከዚያ በኋላም ቀጥሏል። ከመጻሕፍቱ ክፍል ቀጥሎ የእንግዳ ማደሪያ አለ። በዕቃው እንጨት ስም የማሆጋኒ ክፍል ይሉታል። ደራሲው ዊልያም ዲን ሃዌልስ ሃርትፎርድ ሲመጣ የሚያድረው እዚያ ነበር። ታች ያሉት ሳሎኖች አልቀው ጎብኚ ሲያስተናግዱ፣ ይህ ክፍል ግድግዳው፣ ጨርቁና ዕቃው እንደገና ተጠንቶ የተከፈተው በ2016 ነው።